ቀን ቆጣሪው እና ጋሼ

ጠበቃውን በፍርድ ቤቱ ግቢ የሚያውቀው ሁሉ «ቀን ቆጣሪው» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ቢሮው ጠዋት ጠዋት የተኳረፉ ባለአክሲዮኖችን ሲያስታርቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከሥራ የተባረሩትን ሲቀበል ኖሯል። የተባረረ ሰው ሲመጣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ «ደብዳቤው መቼ ደረሰህ? እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ» ይላል። ወደ ሥራዬ ልመለስ ለሚል ሰው ሕጉ የሰጠው ሦስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ አንዲት ቀን ካለፈች፣ እውነት ብትደረደር ሰሚ የላትም። ዘግይቶ የመጣውን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ይሸኘዋል። ደግ ሰው ነው፤ ምላሱ ግን አያርፍም።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ መጣ። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው፤ የክር ፋብሪካ መካኒክ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለ።

«ማሽን ላይ ተኝተሃል ብለው ሰኞ አባረሩኝ» አለ መስኮት መስኮቱን እያየ። «ደብዳቤው ቤት ነው፤ አመጣዋለሁ።»

ተኝቶ አልነበረም። ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብልሽቱን ሲያዳምጥ ነው ያዩት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ባልደረቦቹ በሙሉ ይመሰክራሉ። እንዲህ ያለ ክስ ይሸነፋል ብሎ ማን ያስባል?

ደብዳቤው ግን ሳይመጣ ቀረ። ጠበቃው አንድ ሁለቴ ሊጠይቅ ከጀለና ተወው። ጋሼ እያለ የሚጠራውን ታላቅ ወንድሙን «ወረቀት አሳየኝ» ማለት «ዋሽተሃል» እንደማለት ሆነበት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም «በሽምግልና እንጨርሰው» እያለ ያመላልሰው ነበር። አልሆን ሲል ጠበቃው ከሰኞ ጀምሮ ቆጠረ፤ ከሦስቱ ወር ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ደብዳቤውን ፋብሪካው ያቅርብ ብሎ ክሱን አስገባ።

ፋብሪካው አቀረበ። ከደብዳቤው ጋር የርክክብ መዝገቡም መጣ፤ የጋሼ ፊርማ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቀኑ ግን ከዚያ ሰኞ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀድማል፤ ክሱ ሲገባ ሦስት ወሩ አልፎ ነበር። ለካ አሥራ ዘጠኙን ቀን ለሚስቱ መንገር አቅቶት፣ ጠዋት ጠዋት ቱታውን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ እየወጣ አውቶቡስ መናኸሪያ ተቀምጦ ይውል ኖሯል።

«የይርጋውን ነገር ምን ይላሉ?» አሉ ዳኛው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባለጉዳዩን ሁሉ ቀን ሲጠይቅ የኖረ ሰው አሁን ራሱ ተጠየቀ። የሚያድን አንቀጽ ቢኖር ያውቀው ነበር፤ እንደሌለም ያውቃል። ምስክሮቹ ሳይሰሙ መዝገቡ ተዘጋ።

ኮሪደር ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠበቃው ሆድ ብሶታል፤ መቆጣትም ማልቀስም አማረው፣ አንዱም አልሆነለት።

«ለምን ዋሸኸኝ ጋሼ?»

ጋሼ ጉልበቱን አሻሸ። «እስክትይዘኝ እኮ ነው ስጠብቅ የነበረው» አለ። «ሰውን ሁሉ ወረቀት አምጣ ትል የለ? እኔንም ትለኛለህ፣ ያኔ ይወጣልኛል ብዬ። ዝም አልከኝ። እኔም አፈርኩ።»

የችሎቱ በር ተከፈተና ቀጣዩ መዝገብ ተጠራ። እሱም የጠበቃው ነበር፤ አንዲት ከሥራ የተባረረች ሴት ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ «መጡ?» እያለች በዓይኗ ትፈልገዋለች። ጋሼ የተጣመመውን የጥብቅና ካባውን ከትከሻው ላይ አስተካከለለትና «ሂድ በል፣ እንዳታስጠብቃት» አለው። ሄደ።