የጥሎ ማለፉ ዝናብ

ባለቤቴ ክሪኬት የጀመረው በምሳ ዕረፍት ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ኦግደን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ባለ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። አብረውት የሚሠሩት አብዛኞቹ የሕንድ፣ የፑንጃብ ሰዎች ናቸው፤ ምሳቸውን በጥድፊያ ይበሉና ከሕንፃው ጀርባ የቴኒስ ኳስ በጥቁር ቴፕ ጠቅልለው፣ የወተት ሳጥን አቁመው ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሰው ጎደለባቸውና ጠሩት። ማታ ቤት ሲገባ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ዛሬ ሱፐርቫይዘሬን አወጣሁት!" አለኝ።

"ከሥራ?" ብዬ ደነገጥኩ።

"ከጨዋታ!" አለና ሳቀ። በወረወራት ኳስ ሳጥኑን መትቶ ሰውዬውን ከሜዳ ማስወጣቱ ነበር። እንዴት እንደወረወረ ሊያሳየኝ ከጠረጴዛው ላይ ሎሚ አነሳና የፍሪጁን በር መታልኝ።

እንዲህ እንዲህ ሲል በሁለተኛው ሰመር በከተማው ሊግ የሚጫወት ቡድን ውስጥ ገባ። ከቡድኑ ሐበሻ እሱ ብቻ ነበር። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ታጣፊ ወንበሬን ይዤ እየሄድኩ ቀስ በቀስ ገባኝ፤ ኋላማ ከሥራ ወጥቼ ውጤት በስልኬ የምፈልግ ሰው ሆንኩ።

አባቴ ግን በጄ አላለም። ከአዲስ አበባ መጥቶ ሳቫና በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ስታዲየም ሲመላለስ የኖረ፣ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮህ የእግር ኳስ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሆኪ ወስደነው "ኳሷን" አንዴም ሳያያት ተመለሰ። ክሪኬትን ደግሞ በቴሌቪዥን ትንሽ ካየ በኋላ፣ "እነዚህ ሰዎች ሣሩ ላይ ምን ጠፍቷቸው ነው?" ብሎ ጣቢያውን ቀየረው። ባለቤቴ ለምኖት አያውቅም። በነሐሴ አንድ ዓርብ ማታ ግን ጫማውን እየወለወለ እንደ ዋዛ፣ "አባባ፣ ነገ ግማሽ ፍጻሜ አለን። ጥሎ ማለፍ ነው" አለው።

አባቴ ከሶፋው ቀና አለ። "ጥሎ ማለፍ?"

"አዎ። የተሸነፈ በቃ፣ ቤቱ ይገባል።"

"ቀደም ብለህ አትናገርም ታዲያ! በስንት ሰዓት ነው?"

በማግስቱ መኪና ውስጥ ትምህርት ተሰጠ። "ቀላል ነው አባባ" አለ ባለቤቴ እየነዳ። "አንዱ ቡድን መጀመሪያ ይመታል፤ ሌላው የተቆጠረ ኳስ ይወረውርለታል፤ በዚያ ውስጥ የቻለውን ያህል ነጥብ ይሰበስባል። ከዚያ ሌላው ተራውን ይመታል፤ ያንን ቁጥር ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ ወደቀ። መቺው ኳሷን ከመታ በኋላ ከዚህኛው እንጨት እስከዚያኛው ይሮጣል፤ አንድ ጊዜ ከደረሰ አንድ ነጥብ ነው። ሳይደርስ ኳሷ እንጨቱን ከነካች ወጣ። ኳሷ ተንከባላ የሜዳውን ዳር ገመድ ካለፈች ደግሞ ሳይሮጥ አራት።"

"ግብ የለም?"

"የለም።"

"ከጨዋታ ውጭስ?"

"እሱም የለም።"

"ታዲያ ዳኛው ምን ሊሠራ ይመጣል?" አለ አባቴ። ባለቤቴ በመስታወቱ አየኝና ከንፈሩን ነከሰ።

ሜዳው ዳር ከአጠገባችን የተቀመጡት ከጋያና የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። የተጋጣሚያችን ዋና ኳስ ወርዋሪ እናት ናቸው። ትልቅ ጃንጥላ ሣሩ ላይ ተክለው ከሥሩ ወንበራቸውን ዘርግተዋል። አባቴ ተነስቶ ጃንጥላቸውን አጠበቀላቸው፤ እሳቸው በአናናስ የተሞላ ኬክ አቀረቡለት። ፍልሰታ ስለነበር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቢ አለ። "ጾም ላይ ነን" ብዬ ተረጎምኩለት። "ታዲያ ይያዘው" አሉኝና በናፕኪን ጠቅልለው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ኳስ በያዘ ቁጥር እሳቸው ሲጮኹ አባቴ ዝም ማለት ነውር መሰለው። ነገሩ ገና በቅጡ ሳይገባው ከእኛ በኩል ይጮህ ጀመር።

ተጋጣሚዎቻችን መጀመሪያ መቱ፤ መቶ አርባ አንድ ነጥብ ሰበሰቡ። የእኛዎቹ ተራቸው ሲደርስ አካሄዳቸው ያማረ ነበር። ቶሎ ቶሎ ይሮጣሉ፣ አልፎ አልፎም ገመዱን ያሳልፏታል። አባቴ ቆሞ ቀረ። "አንሳው! አንሳው!" ይላል በአማርኛ፤ ከእኛ ጎን የተቀመጡት የፑንጃብ ወጣቶችም ቃሏን ቀለቧትና "አንሳው! አንሳው!" ይሉ ጀመር። ባለቤቴ መምቻውን ይዞ የገባው በዚህ መሐል ነው። ጥቂት ኳስ እንደመታ ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ሣሩ ላይ የነበረ ወረቀት ሁሉ ተነስቶ በረረ።

መጀመሪያ ዝናቡ፣ ወዲያው ሽንብራ የሚያህል በረዶ ወረደብን። የምንይዘውን ይዘን ወደ መኪና ሮጥን። የሴትዮዋ ልጅ መኪና ከሜዳው ወዲያ ማዶ ስለነበር እጃቸውን ይዤ እኛ ቫን ውስጥ አስገባኋቸው። ጣሪያው እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ተጯጯህን እንጂ አልተነጋገርንም።

በረዶው ጋብ ሲል የቡድናችን አምበል መጣና መስኮቱን አንኳኳ። ጥምጣሙ ላይ የፌስታል ከረጢት ደፍቷል። ታክሲ ነጂ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። ለዝናብ ጊዜ የሚሠራ ሒሳብ እንዳለ አስረዳኝ። ጨዋታው በተቋረጠበት ሰዓት የእኛ ነጥብ ሊሆን ከሚገባው በትንሹ ይበልጣል፤ እና ዝናቡ ካላቆመ፣ ወይም ሜዳው ካልደረቀ፣ ያለፍነው እኛ ነን።

ለአባቴ ስተረጉምለት ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። "ተመስገን! አለቀ በይኛ! ልጁን ጥሪውና ወደ ቤት!"

ሴትዮዋ አማርኛ ባይሰሙም ፊቱን አይተው ገባቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ "ልጄ ዛሬ እራት አይበላም" አሉ ለራሳቸው ያህል። እኔ መስኮቱን በእጄ ጠረግሁ።

ዝናቡ ግን ቆመ። ካልጋሪ ነውና ፀሐይ ወዲያው ወጣች። ዳኞቹ ጫማቸው እየሰጠመ ሜዳውን ዞሩትና ወሰኑ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሐል ሜዳ የተነጠፈው፣ ኳሷ የምትነጥርበት ምንጣፍ ከውኃ ከጸዳ አሥራ ስምንት ኳስ ብቻ እንጫወታለን፤ የሚፈለግብንም በሒሳቡ መሠረት ሃያ ዘጠኝ ተጨማሪ ነጥብ ይሆናል። ካልጸዳ እኛ አልፈናል። ማንም ምንም ባያደርግ በአንድ ሰዓት እንደማይጸዳ ሁሉም ሰው ያያል። ኩሬ ነበር።

አምበላችን ወደ ታክሲው ሄደ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። የመኪናውን ኋላ ከፍቶ የበረዶ መጥረጊያውን አወጣና ወደ ምንጣፉ ገብቶ ውኃውን ይገፋው ጀመር። ባለቤቴ ተከተለው። ካልጋሪ ውስጥ በነሐሴም ቢሆን የበረዶ መጥረጊያውን ከመኪናው የሚያወጣ ሰው ስለሌለ፣ ከሁለቱም ቡድን መጥረጊያ የያዘ ሰው ተግተልትሎ ገባ።

አባቴ ዓይኑን ማመን አቃተው። "ምን እያደረገ ነው ይሄ ሰውዬ? አሸንፈናል እኮ! ሂጂ ንገሪው!"

"አባዬ፣ እሱ ያውቃል።"

"አያውቅም! ቢያውቅ አይጠርግም! ሂጂ!"

ሄድኩ። ጫማዬ ጭቃ ሞላ። አምበሉን፣ "አባቴ ለምን ትጠርጋለህ ይልሃል" አልኩት። ቀና ሳይል፣ "ቅዳሜ ነው፤ ሥራ ትቼ የመጣሁት ለመጫወት ነው። መኪና ውስጥ መቀመጥማ ሰኞም እቀመጣለሁ" አለኝ። ውኃውን መግፋቱን ቀጠለ።

መልሱን ይዤ ስመለስ ሴትዮዋ ከቫኑ ወርደዋል። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ከእኛው መኪና ኋላ የእኛኑ የበረዶ አካፋ አውጥተው ወደ ሜዳው እየገሰገሱ ነው። አባቴ የወንበሩን ቀበቶ እንዳሰረ ተቀምጦ ያያቸዋል።

"ምን አለ ሰውዬው?"

ነገርኩት። ሴትዮዋን እንደገና አየ። በዕድሜ ወይ እኩያው ናቸው ወይ ታላቁ። "እሷ እየጠረገች እኔ ልቀመጥ?" ብሎ ቀበቶውን በጠሰው ማለት ይቻላል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባና አካፋውን ከእጃቸው ተቀበላቸው። እየጠረገ ሲያጉረመርም ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ "በገዛ እጃችን… በገዛ እጃችን…" ይላል፤ ግን ከሁሉም አብልጦ ይገፋል። እኔም ከቫኑ የዋና ፎጣዎቻችንን አምጥቼ ተንበረከክሁ።

ሰዓቱ ሳይሞላ ምንጣፉ ጸዳ። ዳኛው እጁን ሲያነሳ የሁለቱም ወገን ደጋፊ አጨበጨበ፤ ወዲያው ደግሞ ወደየወገናችን ተመለስንና ጠላት ሆንን።

እነዚያን አሥራ ስምንት ኳሶች ባለቤቴ እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። እኔ የማስታውሰው የአባቴን ጣቶች ነው፤ ክንዴን ይዞ በያንዳንዷ ኳስ ይጨምቀኝ ነበር። የሴትዮዋ ልጅ ረጅም፣ ፈጣን ወርዋሪ ነው። አንዱን የእኛን መቺ አስወጣ፤ ባለቤቴ ግን ጸና። ሁለት ጊዜ ገመዱን አሳለፋት። የመጨረሻዋ ኳስ ስትቀር ሦስት ነጥብ ጎደለን፤ ሁለት ካገኘን አቻ፣ ሦስት ካገኘን አለፍን።

መታት። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ኳሷ በሁለት ተከላካዮች መሐል ሾልካ ወደ ገመዱ ሮጠች፤ አባቴ "ገባች!" ብሎ ዘለለ። ከገመዱ ትንሽ ሲቀራት ግን ማንም ያልጠረገው ረግረግ ሣር ውስጥ ገባችና እዚያው ቀጥ አለች። አንድ ልጅ በደረቱ ተንሸራቶ አነሳትና ወረወረ። ባለቤቴ አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን እየሮጠ ነበር። እንጨቱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እግሩ ጭቃው ላይ ከዳው፤ በሆዱ ሄደ፤ ኳሷ ቀደመችው።

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ከመሬት ያነሳው የሴትዮዋ ልጅ ነው። ተቃቅፈው ቆሙ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጭቃ ስለነበሩ የማን ማሊያ የማን እንደሆነ አይለይም። አባቴ ክንዴን ለቆ ተቀመጠ። "እንዲህ ነው እንዴ ይሄ ጨዋታ?" አለ በቀስታ። እንባ መጣብኝ፣ ደግሞም ሳቄ መጣብኝ።

ከሜዳው በቀጥታ ፎረስት ሎን፣ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሄድን። ሴትዮዋንና ልጃቸውንም ጋበዝኳቸው። በያይነቱ አዘዝን፤ አምበላችን ሥጋ ስለማይበላ የጾሙ ወቅት በጣም ደስ አለው። ገና እጅ ሳንታጠብ ክርክሩ ተነሳ።

"ዳኛ ከፈረደለት በኋላ በገዛ እጁ ሜዳ የሚያደርቅ አሸናፊ በዕድሜዬ አላየሁም" አለ አባቴ። "ተርጉሚለት።" ተረጎምኩለት።

"ዳኛው ገና አልፈረደም ነበር" አለ አምበሉ ሽሮውን እያጠቀሰ።

ከቡድኑ አንዱ ተማሪ፣ "አንክል ልክ ናቸው! እኔ ስጠርግም ሳልወድ ነው" አለ። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። ሴትዮዋ ሽምግልና መስሏቸው፣ "እኛ ብንሆን የምንጠርግ አይመስለኝም" አሉ፤ ልጃቸው "እማዬ!" ብሎ አፈረ።

ባለቤቴ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በረዶ አስሮ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ወደሱ ዞረ። "አንተስ? የወደቅኸው አንተ ነህ።"

"አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት?" አለ። "ስወድቅ አዝኛለሁ። አሁንም ሼም ይዞኛል። ግን መኪና ውስጥ ሆነን ብናልፍ ኖሮ እነዚያን ኳሶች አልመታቸውም ነበር። እንደዛሬ ደስ ብሎኝ መትቼ አላውቅም።"

አባቴ ጎመኑን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰው። "ይሁን" አለ። "ያቺን ረግረግ ግን ሳይጠርጓት ማለፋቸው…"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍጻሜው ነበር። አባቴ "እኔ ምን አገባኝ" ሲል ሰንብቶ፣ ጠዋት ሴትዮዋ ደውለው ሲጠሩት ለብሶ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከጃንጥላቸው ሥር ሆኖ ለእነሱ ሲጮህ ዋለ። ደመና የሚባል አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ ክፉኛ ተሸነፉ። ማታ ድምፁ ተዘግቶ፣ አፍንጫው ተልጦ ገባ። "ቢዘንብ ይሻላቸው ነበር" አለ በሹክሹክታ፤ የቀረውም ድምፅ እሱ ነበር።

በመስከረም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ሽማግሌ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲያወራ ደረስኩ። በእሱ ወሬ በረዶው እንቁላል አክሎ፣ ረግረጉ ሐይቅ ሆኗል፤ ኳሷ ተንሳፍፋለች። አላረምኩትም። ነጠላውን አጣፍቶ የቆመ አንድ ሽማግሌ፣ "ጠርጋችሁ መሸነፋችሁ ሞኝነት ነው" አለ። ሌላው፣ "እንዴት ሞኝነት? ወንድነት ነው እንጂ!" ብሎ ተቆጣ። አባቴ በመሐላቸው እጁን ኪሱ ከቶ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየ፣ ለማንኛቸውም ሳይፈርድ ያዳምጣል። እኔም መኪናውን አስነስቼ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጌ ጠበቅሁት።