ቁልፍ ያዥ የሌለው ሞተር

በሰፈሩ «ጋሽ ጭሱ» የማይለው ሰው የለም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት እሱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ቅጽሉን ያገኘው ከሥራው ነው። ናፍጣ መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ ይዞርና ማርሚታው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የሚወጣውን ጭስ ያያል። ነጭ ከሆነ ናፍጣው ደርሶ አልነደደም፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቶበታል ወይ አየር አንሶታል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን ያራግፍና የተበላሸውን ነገር በጣቱ ያሳያል። ደንበኛው «ስንት ቀን ይፈጃል?» ቢለው ለሱም መልሱ ጣት ነው።

ቃል ላይ እንዲህ የሚሰስት ሰው አይቼ አላውቅም። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተው ሰው በሕይወት ቢኖር ጋሽ ጭሱን ልጁ ያደርገው ነበር። ደግነቱ ጋራዡ ውስጥ ዝምታውን የሚረዳለት ሰው ነበረው፤ ሚስቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር ቱቦው ውስጥ አየር ከገባበት ሥራው ለአንድ ሰው አይሆንም። አንዱ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ናፍጣ ወደ ረጪዎቹ ኖዝሎች የሚያደርሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ዳዶ ያላላል። ሌላው ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሻውን ቁልፍ ያዞራል። ማስነሻው ሞተሪኖ ሲያሽከረክር አየሩ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ ዳዶው ይጠብቃል። ቁልፍ የያዘው ሰው ከዘገየ ባትሪው ያልቃል፤ ከቸኮለ ደግሞ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ያዥዋ ሚስቱ ነበረች። መጀመሪያ የተቀመጠችው አንድ ቀን ሠራተኛ ቀርቶበት ነበር፤ በኋላ ሠራተኛ ቢመጣም ወንበሩን ለማንም አለቀቀችም። የምትዘመዝመውን ልብስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በቀኝ እጇ ቁልፉን ትይዛለች። «ያዢ» ወይም «ልቀቂ» አይላትም። ትንፋሹን ሰብሰብ ሲያደርግ ሰምታ ታዞራለች፤ መፍቻው ዳዶውን ሲነክስ ሰምታ ትለቃለች። ደንበኞች «እናንተ ሰዎች በምንድነው የምትግባቡት?» ሲሉ እሷ ትስቃለች። እሱ አይስቅም፤ ግን ደስ ይለው ነበር።

ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት አንዲት ልጃቸው ወለደች። ልጅቷ ያለችበት ከተማ በመኪና አሥር ሰዓት ያስኬዳል። ሚስትየው «ሦስት ወር አርሼ እመጣለሁ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። ሕፃኗ ጥርስ ስታበቅል፣ ልጅቷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ ሞግዚቷ ሳትናገር ስትጠፋ፣ ሁለተኛው ሲረገዝ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ማንም ክፉ አልሠራም። እሷ «ልምጣ ወይ?» ትላለች፤ እሱ «እንደ መሰለሽ» ይላል። እንደ መሰለሽ! ሰው ሆዱ እየተቃጠለ እንዴት እንደ መሰለሽ ይላል?

እሁድ እሁድ ጠዋት ትደውላለች።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ሥራ?»

«ደህና ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሰውየው ደህና አልነበረም። ራዲዮው የሚያስቅ ነገር ሲያወራ ፊቷን ለማየት ዞር ይላል። ገበያ ሄዶ የሁለት ሰው ሽንኩርት ይገዛና ግማሹ ይበሰብስበታል። የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ ዘይት ሳያጠጣው ከረመ፤ መካኒክ ሆኖ፤ ምክንያቱም ያ ድምፅ እሷ ስትገባ የሚሰማው ድምፅ ነው። ናፍቃው ነበር። አጥንቱ ድረስ ናፍቃው ነበር፤ አፉ ግን ለዚህ አልሠለጠነም።

አንድ እሁድ ከተለመደው ንግግር በኋላ አንድ ነገር ጨመረች። «ልጅቷ የጓሮውን ክፍል አሳድሳ ሰጠችኝ» አለችው። «የስፌት ማሽኔን በጭነት መኪና ላክልኝ። እዚያ አቧራ ከሚጠጣ እዚህ ልሥራበት።»

«እሺ» አለ።

ስልኩን ዘግቶ ማሽኑ ያለበት ክፍል ገባና ቆመ። የስፌት ማሽኑ ከሄደ ባለቤቱም ሄደች ማለት ነው፤ ይሄን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ሰኞ ጭነት ሳይፈልግ ዋለ። ማክሰኞም። ሐሙስ ላይ ሰበብ አገኘ፤ ጭነት ሰዎች ዕቃ ይሰብራሉ፣ ስለዚህ እኔው ራሴ ወስጄ አስረክባለሁ አለ። ሰው ሆዱ ሲፈራ ሰበብ አያጣም።

የራሳቸው መኪና ግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል። እሷ ከሄደች ጀምሮ አልነካውም። ጎረቤቶች «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ሲያሾፉበት የደንበኛ መኪና ስለምሞክር አያስፈልገኝም ይል ነበር። እውነቱ ግን ከጎኑ ባዶ ወንበር ይዞ መንዳት አለመፈለጉ ነው።

በሳምንቱ እሁድ ጎሕ ሲቀድ ሸራውን ገፈፈ። አዲስ ባትሪ አሰረ። የከረመውን ናፍጣ ታንኩ ሥር ባለው ብሎን አፍስሶ አዲስ ሞላበት። ፊልትሮውን ቀየረ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከኋላ ጫነው። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ጥርርርርር አለ ሞተሪኖው፤ ጉልበቱ እንደ ጎረምሳ ነው። ሞተሩ ግን አልተነሳም። ደገመው፤ ያው ነው። ወርዶ ወደ ኋላ ዞረ፤ ግን አንድ ሰው ራሱ ቁልፍ እያዞረ ራሱ ጭስ የሚያይበት ዘዴ እስካሁን አልተፈጠረም። ንጹሕ ሸሚዙን አውልቆ ጎረቤቱን ሊጠራ ሄደ።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ መኪና ነድተው የማያውቁ፣ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ያላቸው ሰው።

«ነዳጅ አለው?» አሉ ገና በሩን ሲያልፉ።

«አለው፣ መምህር። እርስዎ ብቻ ቁልፉን ያዙልኝ። ያዙ ስል ያዙ፣ ልቀቁ ስል ልቀቁ።»

«ይሄማ ለሕፃን የሚሰጥ ሥራ ነው።»

የሕፃን ሥራ አልነበረም። «ያዙ» ሲላቸው «አሁን?» ብለው ይጠይቃሉ። «ልቀቁ» ሲላቸው «ምን አልክ?» እያሉ እንደያዙ ይቆያሉ። ጋሽ ጭሱ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሊል አሰበና የተማረ ሰው ናቸው ብሎ ዋጠው።

ማርሚታውን አየ፤ ነጭም የለ፣ ጥቁርም የለ። ጭስ የሚባል የለም። ናፍጣው ሞተሩ ጋ አይደርስም ማለት ነው። ናፍጣ የሚለቀውን የፖምፓውን ማግኔት አዳመጠ፤ ቁልፉ ሲበራ ቀጭ ይላል፤ ደህና ነው። የመጀመሪያውን ኖዝል ዳዶ አላላ፤ መምህሩ አሽከረከሩ፤ እንኳን ናፍጣ አረፋም አልወጣም። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ ተጫነው፤ ገባና እዚያው ቀረ፤ ከታንክ በኩል የሚስበው አላገኘም። «ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኗል» አለ ለራሱ። ታንክ ማውረድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መንገዱ አሥር ሰዓት ነው። ሞተሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሕዝቡን ሁሉ መንገድ ያስገባ ሰው ለራሱ ቀን ከግቢው መውጣት አቃተው።

ስልኩ ጮኸ። ቅባት ባልነካት ትንሿ ጣቱ ከፈተና ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ መከላከያው ላይ አስቀመጠው።

«እንዴት ነህ?» አለች።

«ደህና ነኝ።»

መምህሩ ማንም ሳያዝዛቸው ቁልፉን አዞሩ። ጥርርርርር።

«በላህ? … ቆይ፣ ቆይ እስቲ። ያ የኛ መኪና ነው?»

«የደንበኛ ነው።»

«የደንበኛ!» አለች። «ሃያ ሦስት ዓመት ያዳመጥኩትን ሞተሪኖ ልትደብቀኝ ነው? መጨረሻ ላይ የሚያነክሰውን? ማነው ደግሞ ቁልፍ የያዘው? ሊያቃጥለው እኮ ነው!»

«መምህር ናቸው።»

«እና ወዴት ልትሄድ?»

«ማሽንሽን ላመጣልሽ።»

«ጭነት ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ?»

እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝምታው ጋራዡ ውስጥ ሲሆን ይገባት ነበር፤ በስልክ ግን ዝምታ ዝምታ ብቻ ነው። ይሄ ገና አሁን ገባው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሲነግራት የኖረው ምንም እንዳልነበረ ታወቀው፤ ደነገጠ።

«ማሽኑ ሰበብ ነው» አለ። «ልወስድሽ ነበር የምመጣው። ቤቱ አልሆነልኝም። ናፍቀሽኛል። እምቢ ካልሽም አይቼሽ እመለሳለሁ።»

መምህሩ ወንበሩ ላይ አቀርቅረው የመሪውን ክብ እንደ ካርታ ይመረምሩ ጀመር። በስልኩ ውስጥ አንዲት ሕፃን የሆነ ነገር ስትጠይቅ ተሰማ፤ መልስ የሰጣት የለም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ሚስትየው በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ግን ለቀልድ አልሆነላትም። «ጭስ አለው?»

«የለውም። ታንኩን ላወርድ ነው።»

«ታንኩን አትንካ። የሹፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ግፋና ምንጣፉን አንሳ። መዝጊያውን እየው።»

ጋሽ ጭሱ መፍቻውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ድሮ መንገድ ዳር ሲኖሩ፣ ሌባ በየሌሊቱ መኪና እየገፋ ሲወስድ፣ የናፍጣውን መስመር የምትዘጋ ትንሽ መዝጊያ በገዛ እጁ ወንበሩ ሥር ደብቆ አስገብቶ ነበር። ግቢ ያለው ቤት ከገቡ በኋላ ማንም አልነካትም። የሰው መኪና ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብሎ ይፈልግ ነበር፤ የራሱን ሥራ ግን ማን ይጠራጠራል? መምህሩን አስወርዶ ምንጣፉን ገለጠ። እጀታዋ መስመሩን አቋርጣ ተኝታለች። ተዘግታለች።

«ዘግተሽዋል» አለ።

«ዘግቼዋለሁ። ክፈተውና አየሩን አውጣ። መምህር፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ነኝ የምነግርዎ።»

ስልኩን ሞተሩ አጠገብ አስጠጋው። መግፊያውን ደጋግሞ ተጫነ፤ አሁን እየሞላ ይመለሳል። ዳዶውን አላላና ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገ።

«ያዙ፣ መምህር» አለች ከአሥር ሰዓት መንገድ ማዶ።

መምህሩ ያዙ። አረፋ ተንፈቀፈቀ፤ ከዚያ ናፍጣው ጥርት ብሎ ወረደ። መፍቻው ዳዶውን ነከሰ።

«ይልቀቁ።»

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ለቀቁ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው እንዲሁ አለፈ። ጋሽ ጭሱ ማዘዝ አላስፈለገውም። በመጨረሻው ዙር ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ነጭ ጭስ ግቢው ላይ ለቆ ተነሳ። መምህሩ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ስልኩን አንስቶ ከጩኸቱ ራቅ አለ።

«ለምን ዘጋሽው? ሌባ ፈርተሽ?»

«የምን ሌባ!» አለች። «አንተ አፍህን የምትከፍተው መኪና ሲበላሽ ብቻ ነው። የሄድኩ ቀን ሻንጣዬን ደጅ አስቀምጬ ተመልሼ ገባሁና ዘጋሁት። ቢችል አንድ ወር ይችላል አልኩ። ከዚያ ሊመጣ ይነሳል፣ መኪናው እምቢ ይለዋል፣ ይደውልልኛል፣ እስቅበታለሁ፣ እነግረዋለሁ፣ ይመጣል አልኩ። እሁድ እሁድ እንዴት ነህ ስልህ እኮ መኪናው እምቢ አለኝ እስክትለኝ ስጠብቅ ነው።»

ጋሽ ጭሱ በየእሁዱ ደህና ነኝ ብሏት ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ መኪናው ውስጥ ገባ፤ መምህሩም ሮጠው የግቢውን በር ከፈቱለት።