አፍሽን ዝጊና ጻፊ

ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለች የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳትደናቀፍ ትወርደው ነበር። ካዛንቺስ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር “እስቲ በይላቸው” እላለሁ። ትላለች፣ ይጨበጨብላታል፣ እኔ እኮራለሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አስተማሪዋ አስጠራችኝ። የቃል ጽሕፈት ላይ እየወደቀች ነው፤ ዓርብ ለብቻዋ ዐሥር ቃል አስጽፋታለሁ፣ ስድስት ካላገኘች ክፍል ትደግማለች አለችኝ። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ፊደል የምታውቅ ልጅ?

በቃ፣ ከቢሮ እየሮጥኩ እገባና አስጽፋታለሁ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ሳላይ ነው የምመታው። ትዕግሥት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። “ወንበር” እላለሁ ጥድፍ ብዬ። “ወበር” ትጽፋለች። “ን የታለች?” ስላት ፊደሏን ፍለጋ ከሀ ጀምራ በሹክሹክታ መውረድ ትጀምራለች። እሷ ነ ጋ ሳትደርስ እኔ ሌላ ቃል ጠርቻለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ቃሉን ራሱን እየጎተተች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እሱ ነበር የሚያበሽቀኝ፤ ማለቴ፣ የሰነፍ ልጅ ነገር ይመስለኛል። “አፍሽን ዝጊና ጻፊ!” ሐሙስ ዕለት እርሳሱን ከእጇ መንጭቄ ወረወርኩት። አላለቀሰችም። ሄዳ አንስታው መጣች።

ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። “ወንበር” አለች አስተማሪዋ፣ ቀስ ብላ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ደብተሩ ላይ አፈጠጠች።

“ለራስሽ በይዋ” አለቻት አስተማሪዋ። “እየቆራረጥሽ በይው፣ ድምፁን አንድ በአንድ ስሚው። ያልሰማሽውን እንዴት ትጽፊዋለሽ?”

ልጄ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

“እማዬ ትቆጣለች።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሥቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ “ወ... ን... በ... ር...”

ሰባት አገኘች፣ አለፈች። ወደ ቤት ስንመለስ ባምቢስ ጋ ኬክ ገዛሁላትና ይቅርታ ጠየቅኳት። “እሺ” አለችኝ እየበላች።

በማግስቱ ደብተሯን ስትዘረጋ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አልቆጣም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። እርሳሷን ይዛ ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች።

“እማዬ” አለች በመጨረሻ፣ “አንቺ ደጅ ሁኚ።”