የወለንጪቲ ስልክ

ቢሊሴ ኤር ፍራየር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መጥበሻዋን በከፈተች ቁጥር የእኔ ቴሌቪዥን ብልጭ ድርግም ይላል። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት አለ፤ አራታችንም በአንድ ቆጣሪ ነው የምንተዳደረው። ስለዚህ ጎረቤቴ ምን እያደረገች እንደሆነ ለማወቅ መስኮት ላይ መቆም አይጠበቅብኝም። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ተናድጄ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሣጥንሽ አንድ ቀን ሁላችንንም ያቃጥለናል!» ብዬ ጮኽኩባት።

«እትዬ ሙሉ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ፤ ጉተማ ወለንጪቲ ደርሷል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኔ ሲወራጭ ጉተማ ወለንጪቲ መድረሱን አውቃለሁ።

ጉተማ ባሏ ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ባለ ተሳቢ መኪና ይነዳል። ከወደብ የጫነውን ሞጆ ደረቅ ወደብ ያደርሳል፣ አራግፎ ደግሞ ወደ ጅቡቲ ይመለሳል። ወደ ሞጆ ሲያልፍ ለናዝሬት ቅርብ ከሆነችው ወለንጪቲ ይደውልላታል፤ እኛ ናዝሬት ላይ የሚቆመው ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። መኪናው ላይ የሚከታተለው መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ ከዚያ በላይ ከቆመ አለቆቹ «ምን ሆንክ?» እያሉ ይደውላሉ። ሞጆ ሲገባ ደግሞ ወረፋ ይይዛል፤ ወረፋው እንዳያልፈው እዚያው ጋቢና ውስጥ ያድራል። ከሞጆ እዚህ ድረስ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ነው! ግማሽ ሰዓት ርቆ የሚተኛ ባል ጅቡቲ ከሚተኛው የበለጠ ያናድዳል። እኔን ያናድደኛል፤ ቢሊሴን ግን ያስለቅሳት ነበር።

ኤር ፍራየሩን የገዛላት እሱ ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ከጅቡቲ። አንድ ትልቅ ብልቃጥ ሙሉ የሚቀባ ቸኮሌትም አብሮ አመጣ። ጣፋጭ ይወዳል። «ምሳ ቁጭ ብዬ የምበላበት ጊዜ የለኝም፤ ጣፋጭ ግን መሪ ይዤም እበላለሁ» አላት። እሷም እንዴት እንደሚሠራ ከስልኳ ላይ አይታ ተማረች። የመጀመሪያው ቀን ቸኮሌቱን በፍቅር አበዛችው መሰለኝ፣ በየጠርዙ ፈንድቶ ፈሰሰ፣ ግቢውን ጭስ ሞላው። አሁን ግን እጇ ለምዷል። ሊጡን ከዋዜማው በቅቤ አሽታ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድረዋለች። ስልኩ እንደጮኸ በጠርሙስ ትዳምጠዋለች፣ በአራት ማዕዘን ትቆርጠዋለች፣ መሐሉ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቸኮሌት ጣል አድርጋ ታጥፈዋለች። ጠርዙን በሹካ ጫን ጫን ታደርገውና የእንቁላል አስኳል ቀብታ ትከተዋለች። አሥር ደቂቃ። ቲንግ! ትላለች ማሽኗ። ግቢው «የቸኮሌት ሳምቡሳ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ዘልላ ትወጣለች። የከተማው መግቢያ ላይ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ስትደርስ እሱም ይደርሳል። ትኩሱን ይበላል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ይሄዳል። ኑሯቸው ይኼው ነው።

አንድ ቀን ዩኒፎርም እየሰፋች (የተማሪ ልብስ በመስፋት ነው የምትተዳደረው) ድንገት ፔዳሉን አቆመችና «እትዬ ሙሉ፣ ሲያንኮራፋ መስማት አማረኝ» አለችኝ። ልስቅ ስል ፊቷን አየሁትና ተውኩት። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ታዲያ ዘንድሮ አንድ ነገር ተገኘ። የአገሯ ልጅ ዱጋሳ ሚኒባስ ገዛ። ከናዝሬት ደራ የሚመላለስ ነው፤ የሚያምነው ሹፌር ይፈልጋል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባበት ሥራ ማለት ነው። ዱጋሳ ለጉተማ ብሎ ሁለት ሳምንት ጠበቃት፤ «እስከ ቅበላ እሑድ ማታ መልስ ካላገኘሁ ለሌላ ሰው ሰጠሁት» አላት። እሷ ደግሞ በስልክ «ሥራህን ተው» ማለት አልሆነላትም። ፊት ለፊት ልነግረው ብላ ሁለት ጊዜ ሄደች። በመጀመሪያው ስለ ጎማ መፈንዳት እያወራ በልቶ ጨረሰ። በሁለተኛው ደግሞ ሳምቡሳውን እያሞገሰ ሲስቅ ሃያ ደቂቃው አለቀ። ሁለቴም ባዶ ጨርቋን ይዛ ተመለሰች።

የቅበላ እሑድ ጠዋት ሊጡን ከፍሪጅ ስታወጣ ቤቷ ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቅቤና እንቁላል እስከ ፋሲካ የለም።

«አትጋግሪለት» አልኳት።

«ምን አሉ?»

«ባዶ እጅሽን ሂጂ። እዚህ ድረስ መጥቶ ይብላ።»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ልዑልሰገድ ነፍሱን ይማረውና የባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ሲሄድ በሶውን በጥብጬ፣ ቋንጣውን በላስቲክ ጠቅልዬ እሸኘው ነበር። ጎበዝ ሚስት ነበርኩ። ስንቁን አሳምሬ ስለማዘጋጅለት መሄድ ቀለለው። አንድ ቀን እንኳ «አትሂድ» ብዬው አላውቅም። ካረፈ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ወለንጪቲ! ቢሊሴ ማሽኗን አየች፣ እኔን አየች፣ ሊጡን መልሳ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። አብሬያት ሄድኩ። ገበያ መሄድ ነበረብኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ለማየት ነው የሄድኩት።

ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ጉተማ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«አካም ጅርታ፣ ቢሊ! እትዬ ሙሉ፣ እርስዎም መጡ? እንዴት ከረሙ?» አለና የቢሊሴን እጅ ያይ ጀመር። «የታለ?»

«እቤት ነው» አለችው።

«ረስተሽው ነው?»

«አልረሳሁትም። ከፈለግክ መጥተህ ብላ።»

ሳቀ። እሷ ሳትስቅ ስትቀር እሱም አቆመ። ያን ጊዜ ስለ ዱጋሳ፣ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ደራ መስመር፣ እስከ ማታ ስለሚጠበቀው መልስ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ሞጆ ወረፋ አለብኝ እኮ፣ ቢሊ» አላት ቀስ ብሎ።

«እኔም ዘጠኝ ዓመት ወረፋ ላይ ነኝ።»

ስልኩ ጮኸ፣ አለቆቹ ናቸው። ጋቢናው ላይ ወጣ፣ መኪናው አጓርቶ ሄደ። እኛም በባጃጅ ተመለስን። ምን አግብቶኝ ነው የሰው ትዳር ውስጥ የገባሁት? ሰውየው ተርቦ እንኳ ሄደ!

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌቪዥኔ ብልጭ ድርግም አለ። ከወለንጪቲ የደወለ ሰው የለም። ቢሆንም ማሽኑን ከፍታዋለች። ግቢው ሁሉ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ሳትለምናቸው ኃይሉ እንዲበቃት ምድጃቸውን አጠፉላት። እኔም ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ቲንግ! አለ። በሩ ላይ ማንም የለም። ቅቤው እየሸተተኝ ከወንበሬ ሳልነሳ ቀረሁ።

ሊመሽ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ጉተማ ነው። ከሞጆ በሚኒባስ መጥቷል፤ ወረፋውን ሰንበታ ለሚባል ሹፌር ጓደኛው አደራ ሰጥቶ።

በእኔና በነሱ መሐል ያለው ግድግዳ ቺፑድ ነው፤ ልስማ አልስማ ብዬ የምመርጠው ነገር አይደለም። ሲገባ ሰማሁ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ሰማሁ። ሳህን ቀረበ። ከዚያ «ውሃ ጠማኝ» አለ። ቁም ሣጥን ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሌላ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ቢሊ፣ ብርጭቆ የት ነው የምታስቀምጪው?»

ቢሊሴ ብርጭቆውን አውጥታ ውሃ ስትቀዳለት ሰማሁ። የገዛ ቤቱ ነው እኮ፣ ዘጠኝ ዓመት።

«የዱጋሳን ስልክ ስጪኝ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ። ደወለለት፣ በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ ቋንቋውን እሰማለሁ። ይህን ጭነት ላስረክብና ረቡዕ እጀምራለሁ ሲለው ሰማሁ።

ጥቂት ቆይቶ ቢሊሴ ሳህን ይዛ በሬ ላይ መጣች። ሁለት ሳምቡሳ፣ ገና ለብ ያሉ። ዓይኗ አብጧል።

«አንዱን እንኳ ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። «ይሰማዎታል?»

ይሰማኛል አልኳት። እሷ እየሮጠች ተመለሰች። እኔ ቴሌቪዥኑን ሳልከፍት፣ ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የሰው ባል ሲያንኮራፋ ስሰማ ቆየሁ። ልዑልሰገድም ልክ እንዲህ ነበር የሚያንኮራፋው።