ግድግዳ ዳባሹ

ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የሚሠራው ሰውዬ የትም ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ግድግዳውን ነው። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው መዳፉን ለጥፎ ይቆያል። እኛም ወሬ ስለማያልቅብን «ግድግዳ ዳባሹ» አልነው።

ሥራው የመድኃኒት ማከማቻ ክፍሎች ከመገንባታቸው በፊት ሙቀት በግድግዳቸው እንዴት እንደሚያልፍ በኮምፒውተር መሞከር ነው። ሌሎቹ ለውጩ ሙቀት አንድ ቁጥር ሰጥተው ይገላገላሉ። እሱ ግን የንጋቱን፣ የቀትሩን፣ የምሽቱን ለየብቻ ያስገባል። ቁጥሩ በዝቶበት ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ፣ እሱ ክርኑ ያለቀ ሹራቡን ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ያንጎላጃል። አለቃችን ሲጮህበት፣ «ፀሐይ አንድ ቦታ አትቆምማ፣ ጌታዬ» ይላል ድክም ባለ ድምፅ።

አመሻሽ ላይ ለእናቱ ይደውላል። ደረታቸው ብርድ አይችልም።

«እማዬ፣ የቀትሩ ሙቀት አሁን ነው ግድግዳውን አልፎ ወደ ውስጥ የሚደርሰው። ጀርባሽን አስጠጊ።»

የእናቱ ሳቅ እኔ ድረስ ይሰማል። «አንተ ልጅ፣ ሚስት ያመጣል ስል ግድግዳ ልታገባ ነው?»

ሰሞኑን ጠፍቶ ከረመ። ትናንት ጥቁር ለብሶ መጣ። አመሻሽ ላይ ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ኮምፒውተሩ የውጩን ሙቀት ሲጠይቀው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቁጥር ሰጠው። ሥራው ወዲያው አለቀ።

«ዛሬማ ፈጠንክ!» አለ አለቃችን ከወዲያ ማዶ፣ ደስ ብሎት።

ሰውዬው መዳፉን ወደ ግድግዳው ዘረጋ፤ ሳይነካው ሰበሰበው።