ሰማያዊው ጋውን

ቁረጠው ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይህን ልናገርና ይውጣልኝ፤ የሰፈር ሰው አጣፍጦ ከሚያወራው ከራሴ አፍ ቢሰማ ይሻላል።

ክሊፎርድ አክሮይድ ጎረቤቴ ነው። እዚህ ቶድመርደን ከተማ ዳገቱ ላይ ቤቶቻችን ተጣብቀው ስለተሠሩ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ሲያስል ሰምቻለሁ፣ እሱም እኔ ስዘፍን ታግሷል። ዕድሜውን በአውቶቡስ ነጂነት የጨረሰ፣ ቃል ከአፉ በስንት ልመና የሚወጣ ሰው ነው። የሁለቱንም ድርሻ የምታወራው ሚስቱ ዊን ነበረች።

ልጅ አልወለዱም። ዊን ግን ጊኒ ፒግ ታሳድግ ነበር፤ ጅራት የሌለው፣ ከአንድ ጫማ የማይበልጥ፣ ድርቆሽ ሲበላ የሚውል ፍጥረት ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ነው የምትይዘው፣ ብቻውን የቀረ በሐዘን ይሞታል ትላለች። የመጨረሻዎቹ ቀይዋ ፔኒ፣ እና ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ነጯ ዶት ናቸው። ሞቃቱን ወራት ጓሮ ይከርማሉ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ የአገሩ ሰዓት ለክረምቱ ተብሎ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት እሑድ፣ ክሊፎርድ የግድግዳውን ሰዓት ያስተካክላል፣ ዊን ደግሞ ሁለቱን ወደ ሳሎን ታስገባለች። ያ እሑድ የእሷ በዓል ነበር። የእንስሶቹን ቤት ከወለሉ ከፍ ታደርገዋለች፤ ከበሩ ንፋስም ከማሞቂያውም ታርቀዋለች፤ ጋዜጣ ደራርባ፣ ጨርቅ አንጥፋ፣ ድርቆሹን እስከ ጆሯቸው ትከምረዋለች። ከዚያ ለሰው ቤቱ ትነሳለች፤ በበሩ ላይ ወፍራሙ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ከበሩ ሥር በብጥስጣሽ ጨርቅ የተጠቀጠቀ አሮጌ ስቶኪንግ ይጋደማል። ከዚያ ቀን በፊት ማሞቂያ መክፈት በእኛ ሰፈር ነውር ነው።

ባለፈው መጋቢት ዊንን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ በሌሊት ልብሷ አገኟት። የባሏን አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር። ክሊፎርድ ጡረታ ከወጣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ታች ከተማው መሃል ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ገባች፤ እሱም በየቀኑ ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን ይጠይቃታል። አንዳንድ ቀን ታውቀዋለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ እንግዳ በትሕትና ትሸኘዋለች።

ክሊፎርድ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክረምቱን ቤቷ እንድታሳልፍ። የመጦሪያው ኃላፊ ብዙ ከተለመነች በኋላ፣ «እስቲ አንድ እሑድ ይውሰዷት። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተረጋግታ ከዋለች ስለ ክረምቱ እንነጋገራለን» አለችው። እሱም የሰዓቱን እሑድ መረጠ።

በመስከረም ማሞቂያውን ሲከፍት ግድግዳዬ ሞቀ። ወዲያው ሄጄ በሩን ደበደብኩ።

«ክሊፍ፣ ምን ነካህ? ሎተሪ ወጣልህ እንዴ?»

«ለፔኒና ለዶት ነው። ዘንድሮ ቀድሜ አስገባኋቸው።»

«እነሱ እኮ ፀጉር አላቸው። መላጣው አንተ ነህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። «አይበሉም፣ ግሌኒስ። ገና ድምፄን ሲሰሙ ድርቆሹ ውስጥ ይደበቃሉ። ዊን መጥታ እንዲህ ከስተው ብታያቸው ምን እላታለሁ?»

አንጀቴን በላው። አፌ ግን ከአንጀቴ ይቀድማል። «ሽታዋ ናፍቋቸው ነው። የለበሰችውን ነገር ቆራርጠህ አንጥፍላቸው» አልኩት።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ታጥቧል። ያልታጠበው ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ የተንጠለጠለው፣ ቤት ውስጥ ስትሆን የምትደርበው ሰማያዊ ጋውን ብቻ ነበር፤ በአርባኛው የጋብቻ በዓላቸው እሱ የገዛላት፣ ወፍራምና ለስላሳ። እቅፍ አድርጎት ወረደ።

«ብትፈልገውስ?»

«እዚያ አዲስ ገዝተህላት የለ? ይሄማ ትዝም አይላት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ይህን አልኩና መቀሴን አምጥቼ ሰጠሁት።

ስምንት ቁራጭ ወጣው። እጅጌዎቹን አልቆረጣቸውም፤ መሿለኪያ ይሁናቸው ብሎ እንዳሉ አጋደማቸው። ኪሱን ዙሪያውን ቆርጦ ንጣፋቸው ጥግ ላይ ሰፋው። ዶት ትንሽ አሸተተችና ኪሱ ውስጥ ገብታ ተኛች። በማግስቱ ጓሮ ሆኖ በአጥሩ ላይ፣ «በሉ! ሁለቱም በሉ!» እያለ ጮኸ። ክሊፎርድ ሲጮህ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ ደረሰ። መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ስቶኪንጉ ተጋድሟል፣ የግድግዳው ሰዓትም ተስተካክሏል። እኔ የዝንጅብል ኬክ ጋግሬ መጣሁ። ዊን ከታክሲው ወርዳ ስትገባ ወንበሯን ማንም ሳያሳያት አገኘችው። ኬክ በላች፤ ዝንጅብሉ አንሷል ብላ ወቀሰችኝ፤ እውነቷን ነው። ፔኒን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ስትዳብስላት ክሊፎርድ ኩሽና ገብቶ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት። በሆዴ፣ ተሳካ አልኩ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ጨለመ። ዊን መስኮቱን አየችና ትከሻዋን ሰበሰበች።

«በረደኝ። ጋውኔን አምጡልኝ።»

ቤቱ ከሙቀቱ ብዛት ዳቦ ይጋግር ነበር። ክሊፎርድ ሹራብ አመጣላት፣ ገፋችው። ብርድ ልብስ አመጣላት፣ ገፋችው።

«ሰማያዊው! ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ተሰቅሏል!»

የዚህን አገር ንግሥት ስም የረሳች ሴት ያንን መስቀያ አልረሳችም። ደረጃውን ወጣች፣ እኛም ተከተልናት። ባዶውን መስቀያ በእጇ ዳሰሰችው። «ሌባ ገብቷል» አለችና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔ፣ ጋውኑ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው ብዬ ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ክሊፎርድ ግን መዋሸት አያውቅም። ወርዶ የኪሱን ስፌት ተረተረና፣ ዶትን ከነእንቅልፏ ኪሱ ውስጥ እንዳለች አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

ዊን ጨርቁን አገላበጠችው። ልቅሶዋ ቆመ።

«አንተ ነህ የቆረጥከው?»

«አዎ፣ ዊን።»

«ባሌ ነው እኮ የገዛልኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን አውቶቡሱን አቁሞ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

ክሊፎርድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ግድግዳውን አየሁ።

«ምንም አትበይው። አይቆጣም» አላት።

«ታውቀዋለህ?»

«በደንብ አውቀዋለሁ።»

«ደግ ሰው ነው» አለች ዊን፣ አፍንጫዋን በእጇ ጠርጋ። «እንግዲህ መልሱኝ። አንተም ደግ ሰው ነህ፣ ቤትህም ይሞቃል። ግን እሱ የሚመጣው እዚያ ነው። በሰዓቱ መጥቶ ካጣኝ ይደነግጣል።»

አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪሆን እንኳ አልጠበቀችም። ካፖርቷን ክሊፎርድ ራሱ አለበሳት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈላት። ዶትን ተቀበላት፣ ኪሱን ግን አልለቅም አለች። ታክሲው ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ ራሴን ረገምኩ፤ ዛሬም እረግማለሁ። ክሊፎርድ ግን አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ክረምቱ ዳግመኛ አልተነሳም። ፔኒና ዶት በተቀሩት ሰማያዊ ቁራጮች ላይ ወፍረው ከርመዋል። ክሊፎርድ አሁንም በየቀኑ ይሄዳል፤ ግን ከቁም ሣጥኑ የድሮውን የአውቶቡስ ነጂ ኮቱን አውጥቶ ይለብሳል፣ ሆዱ ላይ አይቆለፍለትም እንጂ። በዚያ ኮት ሲመጣ ብዙ ቀን ታውቀዋለች። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ቀድሜው ክፍሏ ገባሁ። ዊን በመስኮቱ ኮቱን ስታይ ፊቷ በራና ሰማያዊውን ኪስ በፍጥነት ከትራሷ ሥር ደበቀችው። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «አደራ፣ ጋውኑ መቆረጡን እንዳትነግሪው» አለችኝ።