ጠበል የተረጨው ላፕቶፕ

የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ላፕቶፕ ይዞልን እኛ ከተማ መርሳ የመጣው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን በምጠብቅበት ክረምት ነው። ዕቃው ኢንተርኔት ከመክፈት በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። «ለተራ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ቫይረስ አያውቀው፣ ጣጣ የለው!» ብሎ አሞግሶት በማግሥቱ ተመለሰ። ኢንተርኔት ከሌለስ ብዬ ስጠይቀው «እኛ ጋ'ኮ ሁሌ አለ» ነበር መልሱ። የከተማ ሰው እንዲህ ነው፤ አገሩ በሙሉ የእሱ ሳሎን ይመስለዋል።

አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ነገሩን ሳስረዳው «ማደያ አጠገብ ብቻ የሚሄድ መኪና ሰጠን በይኛ!» አለና ሳቀ። ቢሆንም አዲስ ዕቃ ነውና ደንቡ አይቀርም። በእኛ ቤት መኪና ጠበል ሳይረጭ መንገድ አይወጣም፤ ላፕቶፑም ከመኪና በምን ያንሳል ተብሎ የንስሐ አባታችን ተጠሩ። እሳቸው እንኳ ጠብ ጠብ አድርገው እጃቸውን ሰብስበው ነበር።

«ጨመር ያድርጉ እንጂ አባ! ለአይሱዙዋ እንዲህ ነበር የቆጠቡላት?» አላቸው አባቴ።

ጨመሩ። ተበላሸ እያልኩ በነጠላዬ አደረቅሁት። ላፕቶፑ ግን በራ፤ አባቴም «አየሽ!» አለኝ።

ውጤት ወጣ ሲባል የመርሳ ኔትወርክ ለመደወል እንጂ ለሌላ አይሆንም ነበር። ላፕቶፑ ጎኑ ላይ ሲም ካርድ ይጎርሳል፤ የአባቴን ሲም ከስልኩ አውጥተን አጎረስነውና በአይሱዙ ወደ ወልድያ ተነሣን። ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይ ቤት ልቅር ያልታወቀልኝ ልጅ ላፕቶፕ ታቅፌ ጋቢና ውስጥ እንገጫገጫለሁ። ለተራ ሰው ይመቻል የተባለው ዕቃ፣ ተራውን ሰው ከነመኪናው አገር ለአገር ያዞር ጀመር።

ዳገቱ ላይ ኔትወርክ መጣ።

«አባዬ፣ ቁም! መጣ!»

«ኩርባ ላይ አይቆምም።»

«ውጤቴ'ኮ ነው!»

«ውጤት የሚታየው በሕይወት ሲኖሩ ነው» ብሎ አለፈው።

ሜዳ ላይ ሲቆምልኝ ኔትወርኩ የለም። በንዴት እስከ ወልድያ አኮረፍኩት።

ወልድያ ማደያው አጠገብ ስንቆም የውጤቱ ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተ። የፈተና ቁጥሬን መጻፍ ጀመርኩ። አራት ላይ ስደርስ ቁልፉ እንቢ አለ። ብጫነው፣ ብደበድበው፣ ብለምነው ወይ ፍንክች! ጠበሉ ሌላውን ሁሉ ምሮ አራትን ነው ያገኛት። አባቴ ላይ አፈጠጥኩበት። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«ሦስት ጽፈሽ አንድ ብትጨምሪበትስ?» አለኝ ዞር ብሎ።

በዚያ ሁሉ ጭንቀት ሳቄ አመለጠኝ። ሲወጣልኝ ጊዜ ደግሞ መላ መጣልኝ። ኢንተርኔት ውስጥ የአራት እጥረት የለም። አንድ የኳስ ውጤት ከፈትኩ፤ አንዱ ቡድን አራት አግብቷል። ያቺን አራት ቀድቼ ልለጥፋት ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«የማንን አራት ነው የወሰድሽው? የተሸናፊውን እንዳይሆን!»

«የአሸናፊው ነው።»

«እንግዲያስ ለጥፊው።»

ለጠፍኩት። ከላይ ሙሉ ስሜ መጣ፤ የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ። ከሥሩ ውጤቱ፦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነው! ጮህኩ። አባቴ ግን ገና ውጤቱ ጋ አልደረሰም፤ ጣቱ ስሙ ላይ ቀርቷል። ከሦስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጠው፤ ከመንጃ ፈቃዱ በቀር ስሙ በማሽን ተጽፎ አይቶ አያውቅም።

«እኔም ተፈትኜ ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ታዲያስ?»

«አልፈናል፣ አባዬ።»

እንዲያ ወድጄው አላውቅም። ዓይኑን በእጁ ጠራረገና ከጋቢናው ወረደ። በቀጥታ ወደ ማደያው ሠራተኛ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

«አሥራ ሁለተኛን ዛሬ ጨረስኩ» አለው።